የታይሮይድ እጥረት፣ ፕሮላክቲንና አለመፀነስ፦ ለሐዋሳዋ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 31፣ ክብደቴ 62 ኪሎ ነው። የምኖረው ሐዋሳ ሲሆን ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ። ልጅ መፈለግ ከጀመርን ሁለት ዓመት ሞላን። የወር አበባዬ በ45 ቀን፣ አንዳንዴም በ50 ቀን ነው የሚመጣው፤ ሲመጣ ደግሞ ስምንት ዘጠኝ ቀን በብዛት ይፈሳል። ጡቴን ስጫነው ነጭ ፈሳሽ ይወጣል። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ፕሮላክቲን 46 ነው ብሎ ብሮሞክሪፕቲን ሰጠኝ። ሌላ ቦታ ስመረመር ቲኤስኤች 14.2፣ ፍሪ ቲ ፎር 0.6 ሆኖ ሌቮታይሮክሲን 50 ማይክሮግራም ታዘዘልኝ። ደሜም 10.2 ስለሆነ የብረት ኪኒን አለኝ። እንዳልረሳ ሁሉንም ጠዋት ከቁርስና ከቡና ጋር አንድ ላይ እውጣለሁ። ከሁለት ወር በኋላ ቲኤስኤች 9.8 ሆነ። እውነት ያስቸገረኝ ታይሮይድ ነው? ብሮሞክሪፕቲኑን ልቀጥል? ባረግዝ የታይሮይዱ መድኃኒት ልጁን አይጎዳም? አንገቴ ላይም ትንሽ እብጠት አለ፤ አማቴ ጎመን ተዪ ትለኛለች።»

ምላሽ፦ ከጻፉልን ቁጥሮች መጀመሪያ መታየት ያለበት የፕሮላክቲኑ (ጡት ወተት እንዲያወጣ የሚያደርገው ሆርሞን) 46 ሳይሆን የቲኤስኤቹ (ታይሮይድን የሚያዘው ሆርሞን) 14.2 ነው። አብዛኞቹ ላቦራቶሪዎች ቲኤስኤች ከ0.4 እስከ 4 ገደማ፣ ፍሪ ቲ ፎር (ታይሮይድ ራሱ የሚያመርተው ሆርሞን) ደግሞ ከ0.8 እስከ 1.8 ናኖግራም በዴሲ ሊትር ገደማ ሲሆን ጤናማ ይሉታል። የእርስዎ ቲኤስኤች ከልኩ በላይ፣ ፍሪ ቲ ፎሩ ከልኩ በታች ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲገኙ «ትንሽ ከፍ ብሏል፣ እንከታተለው» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ የታይሮይድ ሆርሞን እጥረት በግልጽ አለ። የወር አበባዎ መራቁ፣ ሲመጣ መብዛቱ፣ የጡቱ ፈሳሽ፣ የደም ማነሱና አለመፀነስዎ ሁሉም ከዚህ ከአንዱ ሊመነጩ ይችላሉ። «ይችላሉ» ያልኩት አውቄ ነው፤ የባለቤትዎ የዘር ፈሳሽም የእርስዎ የማህፀን ቱቦዎችም ገና አልታዩም። ወደዚያ እመለሳለሁ።

አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ እጢ በራሱ አይታዘዝም። አንጎል ውስጥ ያለው ሃይፖታላመስ ቲአርኤች የሚባል ሆርሞን ወደ ፒቱታሪ እጢ ይልካል፣ ፒቱታሪ ደግሞ በቲኤስኤች ታይሮይድን ያሠራዋል። ታይሮይድ ሲደክም ሃይፖታላመስ ቲአርኤችን ያበዛል፤ ቲአርኤች ግን የሚቀሰቅሰው ቲኤስኤችን ብቻ ሳይሆን ፕሮላክቲን የሚያመርቱትን ሴሎች ጭምር ነው። አንዱን ልጅ ሲጠሩት ሌላውም አብሮ «አቤት» እንደሚለው ነው። ስለዚህ ፕሮላክቲን ይጨምራል፣ ጡት ያልተጠየቀውን ወተት ያወጣል። ከዚያም የጨመረው ፕሮላክቲን ሃይፖታላመስ ወደ እንቁላል ማምረቻው የሚልከውን የትዕዛዝ ምት ያዳክመዋል፤ እንቁላል የሚያሳድጉትና የሚያስወጡት ሆርሞኖች (ኤፍኤስኤችና ኤልኤች) በወጉ አይለቀቁም፣ እንቁላሉም አይበስልም፣ ቢበስልም በጊዜው አይወጣም። የምታጠባ እናት የወር አበባዋ የሚቆየው በዚሁ መንገድ ነው።

የታይሮይድ እጥረት ጉዳት በፕሮላክቲን በኩል ብቻም አያልፍም። እንቁላሉን ከብበው የሚያሳድጉት ሴሎች ራሳቸው የታይሮይድ ሆርሞን ይፈልጋሉ። ጉበትም ሲያንሰው የጾታ ሆርሞኖችን በደም ውስጥ የሚሸከመውን ፕሮቲን ይቀንሳል፤ ስለዚህ በዚህ ወቅት የሚሠራ የኢስትሮጅን ወይም የቴስቶስትሮን ጠቅላላ ልኬት ያሳስታል። ታይሮይድ ሳይስተካከል «የሆርሞን ፓነል» ተብሎ በብዙ ብር የሚሠራውን ባያሠሩት ይሻላል። ፒሲኦኤስም (እንቁላል ማምረቻው ላይ ትንንሽ ከረጢት የሚበዛበት የሆርሞን መዛባት) ቢሆን ቲኤስኤችና ፕሮላክቲን ታይተው ሌላ ምክንያት እንደሌለ ሳይረጋገጥ ሊባል አይገባም። ወር የሚዘገይባት ሴት ሁሉ አልትራሳውንድ ላይ ትንንሽ ከረጢት ስለታየ ብቻ «ፒሲኦኤስ ነሽ» ተብላ ትመለሳለች፤ ይህ መቅረት አለበት።

ደሙ ለምን በዛ ላሉት፦ እንቁላል ሳይወጣ ሲቀር ፕሮጄስትሮን አይመረትም። የማህፀን የውስጥ ግድግዳ በኢስትሮጅን ብቻ እየወፈረ ይሄድና መያዣ ሲያጣ በአንድ ጊዜ፣ ሳይመጣጠን ይፈርሳል። የታይሮይድ እጥረት ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖችንም ስለሚቀንስ መፍሰሱ ይረዝማል። በ45 ቀን የሚመጣና ስምንት ዘጠኝ ቀን የሚቆይ ደም የዚህ መልክ ነው። ከዚያ የብረት እጥረት ይከተላል። ታይሮይድ ውስጥ ሆርሞኑን የሚሠራው ኤንዛይም ደግሞ ብረት ስለሚፈልግ የደም ማነሱ ታይሮይዱን መልሶ ያዳክመዋል፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው ቃል በቃል እዚህ ይሠራል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ቲኤስኤች በሁለት ወር ከ14.2 ወደ 9.8 ብቻ የወረደው መድኃኒቱ ስላልሠራ ነው ብለው ደምድመው ይሆናል። እኔ የምጠረጥረው ኪኒኑ በአግባቡ ሰውነትዎ ውስጥ አለመግባቱን ነው። ሌቮታይሮክሲን (ከዚህ በኋላ ታይሮክሲን የምለው) በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ ሲወሰድ እንኳ የሚመጠጠው ከ70 እስከ 80 በመቶ ገደማ ነው። ከብረት ጋር ሲገናኝ አንጀት ውስጥ ይጣበቁና ሁለቱም ሳይመጠጡ ይወጣሉ። ካልሲየምና ለጨጓራ የሚጠጣው ነጭ ሽሮፕም እንዲሁ ያደርጉታል። ቡና ለብቻው መመጠጡን በግልጽ ይቀንሳል፤ ቁርስ ሲጨመርበት ይብሳል። ከ50 ማይክሮግራሙ ደምዎ ጋ የደረሰው ምን ያህል እንደሆነ መገመት አይቻልም። መጠኑ ራሱም ያነሰ ነው፦ ሙሉ ምትክ ለሚያስፈልገው ሰው በኪሎ 1.6 ማይክሮግራም ይታሰባል፣ ለ62 ኪሎ ወደ 100 ማይክሮግራም ይመጣል። እርስዎ ወጣት ስለሆኑ፣ የልብ ሕመም ከሌለብዎ በ25 እየተንፏቀቁ መውጣት አያስፈልግም።

ታዲያ መጠኑ ይጨመር ወይስ አወሳሰዱ ይስተካከል? ልጅ ባይፈልጉ ኖሮ አወሳሰዱን ብቻ አስተካክለው በስድስት ሳምንት እንዲለኩ እመክር ነበር። ሁለት ዓመት ስለጠበቁ ግን ሁለቱም አንድ ላይ ቢደረጉ፣ መጠኑ ወደ 75 ማይክሮግራም ቢወጣ ተገቢ ይመስለኛል። ይህን ለሐኪምዎ ሲነግሩ ኪኒኖቹን አንድ ላይ ይወስዱ እንደነበር መናገር እንዳይረሱ። ካልተናገሩ ሐኪሙ የ9.8ን ቁጥር ብቻ አይቶ በአንዴ ወደ 125 ሊያሳድገው ይችላል፤ ከዚያ እርስዎ አወሳሰዱን ሲያስተካክሉ መድኃኒቱ ይበዛና ልብ መምታት፣ እንቅልፍ ማጣትና መንቀጥቀጥ ይመጣል።

በፈረቃ ለሚሠራ ሰው «ጠዋት 12 ሰዓት ላይ» የሚል ትእዛዝ አይጠቅምም። ኪኒኑን ከሰዓቱ ጋር ሳይሆን ከመንቃትዎ ጋር ያያይዙት። ካርቶኑና አንድ ብርጭቆ ውኃ ራስጌዎ ይደሩ። የጠዋት ፈረቃ ሳምንት ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ሲነሱ መጀመሪያ ይዋጡት፣ ከዚያ ይታጠቡ፣ ይልበሱ፣ ሰርቪሱን ይያዙ። ሻይና ዳቦውን ሥራ ቦታ ሲደርሱ ቢበሉ ከአንድ ሰዓት በላይ ያልፋል፤ በቂ ነው። የከሰዓት ፈረቃ ሲሆን ደግሞ ሲነቁ ይዋጡና ቡናውን ቢያንስ አንድ ሰዓት ያቆዩት። ቡና ተውት አላልኩም፤ ሐዋሳ ላይ ያንን ምክር የሚሰማ የለም። ከኪኒኑ ይራቅ ብቻ።

ብረቱ ወደ ማታ ይሂድ። በሁለቱ መካከል ቢያንስ አራት ሰዓት ያስፈልጋል፤ ጠዋት ታይሮክሲን፣ ማታ ከመኝታ በፊት ብረት ከሆነ ጥያቄ አይኖርም። ብረቱንም ከቡና፣ ከሻይና ከወተት ያርቁት፤ ብርቱካን ወይም ሎሚ ቢጨምሩበት ይሻላል። ጨጓራዎን ካስቸገረዎ አንድ ቀን እየዘለሉ መውሰድም ይሠራል። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው ብረትና ፎሊክ አሲድ በአንድ ላይ የያዘው ኪኒን ከሆነ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነው፦ በውስጡ ያለው 0.4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ለመፀነስ የምታስብ ሴት የምትፈልገው ልክ ነው። የያዙት ብረት ብቻ ከሆነ ፎሊኩን ለብቻ ይጨምሩ፤ መጀመር ያለበት ከእርግዝናው በፊት ነው።

ጾም ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሚጾሙት ውኃም ሳይቀምሱ እስከ ቅዳሴ መውጫ ከሆነ፣ ኪኒኑን ሁለት ወር ሙሉ ከምሳ ጋር ከማስጠጋት ወደ መኝታ ሰዓት ያዛውሩት፤ እራት ከበሉ ሦስት ሰዓት ካለፈ የማታው አወሳሰድ ከጠዋቱ አያንስም። በዚያ ጊዜ ብረቱ ወደ ምሳ ይመጣል። በረመዳን የሚጾሙ ሴቶችም የመኝታ ሰዓቱ አወሳሰድ ይሠራላቸዋል፤ ምሳ ስለሌላቸው ግን የብረቱን ሰዓት ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩበት። በጾም ወተት ፋንታ የአኩሪ አተር ወተት የሚጠጡ ከሆነ መመጠጡን ስለሚቀንስ ከኪኒኑ አራት ሰዓት ያርቁት። አንድ ቀን ከረሱ በማግስቱ ሁለቱን አንድ ላይ ይውሰዱ፤ ታይሮክሲን በሰውነት ውስጥ ግማሹ ለመጥፋት ሰባት ቀን ገደማ ስለሚፈጅበት ይህ አይጎዳም። የጨጓራ መድኃኒቱን ኦሜፕራዞልን በየቀኑ የሚወስዱ ከሆነም ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ የጨጓራ አሲድ ሲቀንስ ኪኒኑ በደንብ አይሟሟም።

መድኃኒቱን ከምድጃ አጠገብ ወይም ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ አያኑሩ፤ ሙቀት፣ ብርሃንና እርጥበት ያበላሹታል። ፋርማሲ ሲቀይሩ የፋብሪካው ስም ተቀይሮ ሊመጣ ይችላል። ያው መድኃኒት ነው፣ ግን የመመጠጡ መጠን በትንሹ ስለሚለያይ ፋብሪካው ከተቀየረ ከስድስት ሳምንት በኋላ ይለኩ። ስድስት ሳምንት የምለው በልማድ አይደለም፤ ፒቱታሪ አዲሱን መጠን ለምዶ ቲኤስኤች እስኪረጋ ድረስ የሚፈጀው ጊዜ ይህ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ተለክቶ «አልወረደም» ማለት ብር ማባከን ነው። በምርመራው ቀን ኪኒኑን ደም ከሰጡ በኋላ ይዋጡ፣ ከተቻለም ሁልጊዜ በአንድ ላቦራቶሪ ይለኩ። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጥ ባዮቲን ከወሰዱ ቢያንስ ሁለት ቀን አስቀድመው ያቁሙ፤ በአንዳንድ ማሽኖች ላይ ቲኤስኤችን ያለ አግባብ ዝቅ አድርጎ ያሳያል፣ ሰውም ዳነ ተብሎ ይታለፋል።

ግቡ ቲኤስኤችን «ልክ ውስጥ» ማስገባት ብቻ አይደለም። ታይሮክሲን እየወሰደች ለመፀነስ የምታስብ ሴት ከ2.5 በታች እንዲሆንላት ይመከራል። 3.9 ለሌላ ሰው ጥሩ ነው፣ ለእርስዎ ገና ነው። እዚያ እስኪደርሱ ሁለት ሦስት ወር በኮንዶም ቢጠብቁ ይሻላል፤ በግልጽ የታይሮይድ እጥረት ላይ የሚመጣ እርግዝና የመጨንገፍ፣ የደም ግፊትና ያለጊዜው የመወለድ አደጋው ከፍ ይላል። ሳይታሰብ ቢፀነስ ግን መደንገጥ የለም፤ ከታች ያለውን ያድርጉ።

ብሮሞክሪፕቲኑስ? በእኔ አስተያየት መጀመሪያውኑ ቲኤስኤች ሳይታይ መጀመር አልነበረበትም። ከታይሮይድ እጥረት የሚመጣ ፕሮላክቲን ብዙ ጊዜ ከ100 በታች ነው፣ 46 ደግሞ ከዚያም ዝቅ ያለ ነው። ታይሮይድ ሲስተካከል በራሱ ይወርዳል። ብሮሞክሪፕቲን ቁጥሩን ያወርድልዎታል፣ ምናልባት ወርዎንም ያመጣዋል፤ ከዚያ «ተሻለኝ» ብለው ታይሮይዱን ችላ ይላሉ፣ ከተፀነሰም ሆርሞን ባነሰው ሰውነት ውስጥ ይፀነሳል። ስለዚህ ከሐኪምዎ ጋር ተነጋግረው ቢያቆሙት፣ ቲኤስኤች ልክ ከገባ ከአንድ ሁለት ወር በኋላ ፕሮላክቲን እንደገና ቢለካ እመርጣለሁ። ደሙ ሲቀዳ አርፈው፣ በዚያ ጠዋት ጡትዎን ሳይጫኑ ይሁን፤ ፈሳሹ ቆመ ወይ ብሎ በየቀኑ መጫን ራሱ ፕሮላክቲንን ይጨምራል። ማስታወክን ለማስቆም የሚሰጠው ፕላሲልና አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችም ይጨምሩታል። ያን ጊዜም ከፍ ብሎ ከተገኘ የጭንቅላት ኤምአርአይ ይታሰባል። ከዚያ በፊት ኤምአርአይ መነሳት አልመክርም፦ ለረጅም ጊዜ የቆየ የታይሮይድ እጥረት ፒቱታሪን ስለሚያሳብጠው «ዕጢ አለ» የሚል ውጤት ሊመጣ ይችላል፣ በታይሮክሲን የሚሟሽሽ እብጠት ለቀዶ ሕክምና ይታጫል። ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን እይታ ከጎንና ከጎን መጥበብ ካለ ግን አይጠበቅም፣ ያኔውኑ ይሠራ።

የአንገትዎ እብጠት አንድ አልትራሳውንድና የቲፒኦ አንቲቦዲ (ሰውነት በራሱ ታይሮይድ ላይ የሚያመርተው የመከላከያ ፕሮቲን) ምርመራ ይበቃዋል። አንቲቦዲው ከተገኘ ምክንያቱ ሰውነት የራሱን ታይሮይድ ማጥቃቱ ነው፤ ሕክምናውን አይቀይረውም፣ ነገር ግን ከወሊድ በኋላ ታይሮይድዎ ሊናወጥ እንደሚችል አስቀድሞ ይነግርዎታል። እብጠቱ ደረቅ ከሆነ፣ በፍጥነት ካደገ፣ ድምፅ ካጎረነነ ወይም ምግብ ሲውጡ ካነቀዎ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይታዩ። እንቅርትን መተኮስና መብጣት ደግሞ ደም ከማፍሰስና ከማመርቀዝ በቀር ያተረፈው የለም።

አማትዎ ጎመን ያሉት ከባዶ ተነስተው አይደለም። ጎመን፣ ጥቅል ጎመንና ካሳቫ አዮዲን ወደ ታይሮይድ እንዳይገባ የሚያስቸግር ነገር አላቸው። ጉዳቱ የሚታየው ግን አዮዲን ባነሰው ሰው ላይ፣ ያውም ጥሬውን ወይም በደንብ ያልተዘጋጀውን በብዛት ለሚበላ ነው። የተቀቀለ ጎመን በሳምንት ሁለት ሦስቴ ቢበሉ ለእርስዎ ምንም አይደለም፣ ብረትና ፎሊክም አለው። ካሳቫውን ልጠው፣ ዘፍዝፈውና ውኃውን ደፍተው ይቀቅሉት። ቆጮና ቡርሳሜ ከታይሮይድ ጋር ጠብ የላቸውም።

አዮዲኑን የሚያገኙት ከጨው ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ያዛል፤ ገበያ ላይ ግን ከክፍት ጆንያ በጣሳ የሚሰፈረው ጨው አዮዲኑ በፀሐይና በእርጥበት ሊያልቅ ይችላል። አዮዲን ያለው መሆኑ የተጻፈበትን የታሸገ ጨው ይግዙ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጡ፣ ወጡ ላይ ሊወርድ ሲል ይጨምሩ። በሲዳማ ገጠር እናቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የአዮዲን እጥረት ስላገኙ ይህን ቀላል ነገር ብለው አይለፉት። አዋቂ ሰው በቀን 150፣ ነፍሰ ጡርና አጥቢ 250 ማይክሮግራም አዮዲን ያስፈልጋታል። የአሞራ ገደል ዓሣ ጥሩ ምግብ ነው፣ ብቻ የሐይቅ ዓሣ እንደ ባሕር ዓሣ አዮዲን የለውም፣ ጥሬውንም ልጅ ከሚፈልጉበት ጊዜ ጀምሮ ቢተዉት ይሻላል። ከውጭ አገር የሚመጣ የባሕር አረም ኪኒን ወይም ሉጎል የሚባለውን የአዮዲን ፈሳሽ ግን አይንኩ፤ የታመመ ታይሮይድን ከመጠን ያለፈ አዮዲን ይበልጥ ያደክመዋል።

ባለቤትዎ ዛሬውኑ ይመርመሩ። ሁለት ዓመት የጠበቁ ባልና ሚስት ሚስትየዋ አራት ክሊኒክ ዞራ ባል አንዴም ያልተመረመረበት ነገር እጅግ የተለመደ ነው፤ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ግን ከሁሉ ርካሹና ፈጣኑ ነው። ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት ታቅበው፣ ናሙናው ቤት ውስጥ ከተወሰደ በልብስ ውስጥ ሙቀቱ ተጠብቆ በአንድ ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ይድረስ። ውጤቱ መጥፎ ከሆነ ተደግሞ ሳይታይ አይደመደምም።

የማህፀን ቱቦ ኤክስሬይ ግን ይቆይ። የሚረጨው ቀለም ብዙ አዮዲን ስላለው፣ በተለይ የዘይት ዓይነቱ፣ ደካማ ታይሮይድን ያናውጣል። ቲኤስኤች ከተስተካከለ በኋላ፣ ወር በመጣ ከ6ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ ይሠራ፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ ቲኤስኤች ይደገም። እንቁላል መውጣቱን ለማረጋገጥ «በ21ኛው ቀን ፕሮጄስትሮን» ካሉዎትም አይቀበሉ። 21ኛው ቀን የሚሠራው ወሯ በ28 ቀን ለሚመጣ ሴት ነው፤ ቁም ነገሩ የሚቀጥለው ወር ሊመጣ ሰባት ቀን ሲቀረው መለካቱ ነው። በ45 ቀን ለሚመጣ 38ኛው ቀን ገደማ ይሆናል። ከ3 ናኖግራም በሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ እንቁላል ወጥቷል ማለት ነው። የወሊድ መከላከያውን የዲፖ መርፌ ወስደው ከነበረ ደግሞ የመጨረሻውን ቀን ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ከዲፖ በኋላ መፀነስ በአማካይ አሥር ወር ገደማ ሊዘገይ ይችላል፣ ታይሮይድን ብቻ መውቀስ አይቻልም።

ቲኤስኤች ከተስተካከለ በኋላ ወር ወደ ቦታው ለመመለስ ብዙ ጊዜ ጥቂት ወራት ይበቃዋል። ወርዎ ተስተካክሎ፣ የባለቤትዎም ውጤት ደህና ሆኖ ስድስት ወር ካለፈ ወደ ማህፀን ሐኪም ይሂዱ። ከዚያም በላይ ካስፈለገ በአዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራ የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለ። 

ጥያቄዎን የሚያነቡ ተቃራኒው ችግር ያለባቸውም አሉ፤ ታይሮይዳቸው በዝቶ የሚከሱ፣ ልባቸው የሚመታ፣ ወራቸው የሚያንስ ወይም የሚጠፋ። እነርሱ ላይ ያለው ምክር ይለያል፦ ሆርሞኑ ልክ ሳይገባ አይፀነስ። መድኃኒታቸው ሜቲማዞል ወይም ካርቢማዞል ከሆነ በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ሳምንታት በፅንሱ ላይ ጉዳት ስለሚያስከትል፣ ከመፀነስ በፊት ፒቲዩ ወደሚባለው ሌላ የታይሮይድ መድኃኒት ስለመቀየር ሐኪም ያማክሩ። ፒቲዩ የሚወስዱ ደግሞ ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንታቸው ከጠቆረ፣ ማንኛውንም የሚወስዱ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከመጣባቸው መድኃኒቱን አቁመው በዚያው ቀን የደም ምርመራ ያድርጉ። በራዲዮአክቲቭ አዮዲን የታከመች ሴት ቢያንስ ስድስት ወር ሳትፀነስ ትቆያለች።

ቲኤስኤቻቸው ጤናማ ሆኖ አንቲቦዲ ብቻ የተገኘባቸውም «ታይሮክሲን ልጀምር?» ይላሉ። በ2019 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የታተመ ትልቅ ጥናት እንዲህ ላሉ ሴቶች ከመፀነስ በፊት ጀምሮ 50 ማይክሮግራም ሰጥቶ በሕይወት የመውለድ መጠኑን አልጨመረም። ክትትል እንጂ ኪኒን አያስፈልጋቸውም።

ስለ ልጁ የጠየቁት፦ ታይሮክሲን ሰውነት ራሱ የሚያመርተው ሆርሞን ነው፤ ልጁን የሚጎዳው መውሰዱ ሳይሆን ማቆሙ ነው። ፅንሱ የራሱን ታይሮይድ ሥራ የሚያስጀምረው ከ12ኛው ሳምንት አካባቢ ስለሆነ እስከዚያ አእምሮው የሚሠራው በእናቱ ሆርሞን ነው። «እርጉዝ ስለሆንሽ መድኃኒት አቁሚ» የሚልዎት ሰው ማንም ቢሆን አይስሙት። እርግዝና እንዲያውም ፍላጎቱን ይጨምራል። ወር ዘግይቶ የሽንት ምርመራው ሁለት መስመር ካሳየ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳምንት ሰባት የነበረውን ኪኒን ዘጠኝ ያድርጉት፤ ለምሳሌ ረቡዕና እሑድ ሁለት ሁለት። ይህን ከሐኪምዎ ጋር አስቀድመው ይስማሙበት፣ ቀጠሮ እስኪደርስ ሳምንታት እንዳያልፉ። በዚያው ሳምንት ቲኤስኤች ይለኩ፣ ከዚያ በየአራት ሳምንቱ እስከ እርግዝናው አጋማሽ፣ አንዴም በ30ኛው ሳምንት አካባቢ። በወለዱ ማግስት ወደ ቀድሞው መጠን ይመለሱ፣ በስድስተኛው ሳምንት ሕፃኑን ለክትባት ሲያመጡ የእርስዎም ደም አብሮ ይታይ። ማጥባት ይችላሉ።